የት ላይ ነው የምንገናኘው? የይፋት የዘር ሐረግና የዲኤንኤ ውጤት ሲነበቡ

ሸዋ ሮቢት ላይ ቡና ቁጭ ብላችሁ «አርጎባ ማለት ምን ማለት ነው?» ብትሉ፣ መልሱ ሁለተኛው ሳይቀዳ ይመጣል፤ «አረብ ገባ»። በቃ። ሁለት ቃል ውስጥ አንድ ሙሉ ታሪክ አለ፤ አረብ መጣ፣ ገባ፣ ወለደ፣ የወለዳቸውም አርጎባ ተባሉ። ለመያዝ ይቀላል፣ ለመናገርም ደስ ይላል። ችግሩ አርጎብኛ ራሱ ይህን የሚመሰክር አይመስልም። የቋንቋ ሊቃውንት አርጎብኛን ከኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ይመድቡታል፤ የቅርብ ዘመዱም አማርኛ ነው። ስሙ የባሕር ማዶ አባት ይጠራል፣ እቤት ውስጥ የሚነገረው አፍ ግን የደጋው ጎረቤት አፍ ወንድም ነው። ታዲያ ልጆቹን አፍ ያስፈታቻቸው እናት ምን ትናገር ነበር? «አረብ ገባ» ይህን አይመልስም፤ ተረቱ ውስጥ እናት የለችምና።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይቺ የጠፋች እናት ናት። ሰሞኑን በቴሌግራምም በቲክቶክም የዲኤንኤ ውጤቱን የሚለጥፍ ሐበሻ በዝቷል። ባለ ቀለም ክብ፣ ከጎኑ ቁጥር፣ ከታች «እንዲህ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም!» የሚል ጽሑፍ። እኔ የዘረመል ባለሙያ አይደለሁም፤ ሥራዬ ጽሑፍ ማንበብ ነው። ግን የዲኤንኤ ውጤት ራሱ ጽሑፍ ነው። ደራሲ አለው፣ የሚደጋግመው ዘይቤ አለው፣ የሚናገረውና የሚያልፈው ነገር አለው። የዘር ሐረግም እንደዚሁ። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ እንደማንኛውም መጽሐፍ ላነባቸው አሰብኩ፤ ለማንበቢያ ቦታም ከይፋት ቆላ የተሻለ አላገኘሁም።

ለምን ይፋት? መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ፤ ጋቢ ያስፈልጋል። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ስትወርዱ፣ ስትወርዱ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 1300 ሜትር ገደማ ስትደርሱ ጋቢው ሸክም ይሆናል። ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ማንጎ፣ ሙቀት። በዚህች አጭር ቁልቁለት አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር ይገናኛሉ፤ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የወጣ ሰው አራቱንም ባንድ ቀን ያያል። ይኸው አካባቢ ነው በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የዓለም ዜና የሆነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ «ዘርህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። ለዚህም ነው ነገሩ የመዝናኛ ቪዲዮ ብቻ ሆኖ ሲቀር የሚከነክነኝ።

ከሱልጣኖቹ ልጀምር። ይፋትን የገዛው የወላስማ ቤት ነው። በእ.አ.አ. 1285 ወላስማዎች የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት አሸንፈው ያዙ፤ ይህን የሚናገረውን አጭር የአረብኛ ዜና መዋዕል ያሳተመው ኢጣሊያዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር የተዋጉት ሐቀዲንና ሰብረዲን የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። ፈረንሳዮቹ ፎቬል፣ ሂርሽና ሼክሩን አሥራ አምስት ዓመት የፈጀውን የአርኪዎሎጂ ጥናታቸውን በ2017 እ.አ.አ. ሲያሳትሙ፣ የሱልጣኔቱን ዋና ከተማ አውፋትንና የወላስማን የመቃብር ስፍራ በዚያው በይፋት ተዳፋት ላይ አሳይተውናል። መስጊዱ፣ ግንቡ፣ በአረብኛ የተቀረጸው የመቃብር ድንጋይ እዚያው አለ። ማለትም ስለ ተረት ብቻ አይደለም የምናወራው።

አሁን የዘር ሐረጋቸውን እናንብብ። አል-መቅሪዚ የሚባለው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የሙስሊም ነገሥታት ሲጽፍ፣ የወላስማ አባቶች ከሒጃዝ የመጡ ቁረይሾች ናቸው ይላል። ከየትኛው የቁረይሽ ቤት? እዚህ ላይ ይፈራል፤ አንዳንዶች ከበኒ ዐብድ አድ-ዳር ነው ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ከበኒ ሃሺም፣ ከዐቂል ኢብን አቢ ጧሊብ ዘር። የወላስማዎቹ የራሳቸው ታሪክ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዞ በነቢዩ የልጅ ልጅ በሐሰን በኩል ይወጣል፤ በመሐልም ዩሱፍ ባርኸድሌን ያነሳል። መቃብራቸው ከሐርጌሳ ብዙ ሳይርቅ እስከ ዛሬ የሚዘየረው ሼህ ማለት ነው። አንድ ቤት፣ ሦስት አባት።

ሰነፍ አንባቢ እዚህ ላይ «እንግዲያው ውሸት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ አልዘጋውም። ሦስቱ በምን ይስማማሉ? ሦስቱም ዘሩን ከዚያው ከተዳፋቱ አያስነሱትም። ሦስቱም የሚቆጥሩት ወንድ ብቻ ነው። ሦስቱም የሚነግሩን ሰውየው ከማን እንደተወለደ ከሚነግሩን በላይ ሌሎች ለምን ሊታዘዙት እንደሚገባ ነው። እንደ ሕግ ሰነድ ካነበባችሁት ግሩም ጽሑፍ ነው፤ እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ካነበባችሁት ግን ያሳስታል። ደግሞ ጊዜ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። በ1840ዎቹ እ.አ.አ. እንግሊዛዊው ኮርንዋሊስ ሃሪስ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ በመልእክት ሲመጣ፣ ይፋትን በዘር የወረሰ ወላስማ መሐመድ የሚባል ሹም አግኝቷል፤ የጎንቾ የመንግሥት እስር ቤት ጠባቂም እሱ ነበር። የሱልጣኖቹ ስም የክርስቲያኑ ንጉሥ ሹም ማዕረግ ሆነ ማለት ነው። ሐረጉ እንዳለ አለ፣ ሥራው ግን ሌላ ነው።

ደጋው የተሻለ እንዳይመስላችሁ። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከሣህለ ሥላሴ፣ የሣህለ ሥላሴም ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ እንደሚወርድ ይደነግጋል። ሳይቋረጥ! እስቲ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከሣህለ ሥላሴ ጋር የሚያገናኘው ማን ነው? የአባታቸው እናት፣ ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ። ያለ እሷ መስመሩ የለም። ስሟን ግን አንቀጹ ውስጥ አታገኙትም። እቴጌ መነን ጋር ስንመጣ ደግሞ የእናታቸው አባት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፤ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሳይጠመቁ በፊት መሐመድ ዐሊ የሚባሉ የወሎ ኢማም። ዙፋን ላይ በተቀመጠው ቤት ደም ውስጥ የወሎ እስላም አለ፤ የሚያሳየንም የሴቶቹ መስመር ነው። የወንዱን መስመር ብቻ የሚያነብ ይህን ሁሉ አያየውም።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፣ አትጨነቁ፣ ማባዛት ብቻ ነው። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያልን ሰባት ትውልድ ስንወጣ 128 ሰው ይሆናል። «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» እየተባለ በወንድ ብቻ የሚቆጠረው ሐረግ ከእነዚህ 128 ሰዎች የሚጠራው በሰባተኛው ደረጃ አንዱን ነው። የቀሩት 127ቱስ? እነሱም እኩል አያቶቻችሁ ናቸው። ከ1285 እስከ ዛሬ ደግሞ አንድን ትውልድ 30 ዓመት ብንል 25 ትውልድ ገደማ ነው፤ ሁለትን 25 ጊዜ ስታባዙ ከ33 ሚሊዮን በላይ የአያት ቦታ ይወጣል። ያን ጊዜ ሸዋ ውስጥ ይህን ያህል ሰው እንደሌለ ለመገመት ታሪክ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ያው ሰው ደጋግሞ፣ በአሥርና በመቶ መንገድ፣ አያታችሁ ነው። የወላስማው ዑመር ዛሬ የሚቆጠር ዘር ካለው፣ የአርጎባው ብቻ አያት ሆኖ የመቅረት ዕድሉ ትንሽ ነው፤ የመንዙም የቀወቱም የዳዌውም አያት መሆኑ ይቀላል። ይህ እንግዲህ የማንም ምርመራ ሳያስፈልግ በማባዛት ብቻ የሚደረስበት ነገር ነው።

ምርመራው ምን ይጨምራል? የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ምራቋን በትንሽ ጠርሙስ ልካ ከሳምንታት በኋላ ያ ባለ ቀለም ክብ መጣላት። ክቡ ከሞላ ጎደል ባንድ ቀለም የተሞላ ነበር፤ «ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ»። ተናደደች። «ይህንንማ ፓስፖርቴም ይነግረኛል!» አለችኝ። ልክ ናት። ግን መናደድ የነበረባት በመልሱ አይደለም፣ በጥያቄው ነው። እነዚህ ድርጅቶች አራቱም አያቶቻችን ከዚህ አገር ናቸው ያሉ ሰዎችን ናሙና ይሰበስቡና የእናንተን ዲኤንኤ ከእነሱ ጋር ያስተያያሉ። ክቡ የሚለው «ከሰበሰብናቸው መካከል እነዚህን ትመስላለህ» ነው። «ከእነዚህ ተወለድክ» አይልም። የናሙናው ክምችት ሲታደስ ቁጥሩም ይለወጣል፤ አያት ግን አይለወጥም። እንደ ጽሑፍ ስመዝነው የወላስማ ሐረግ ይበልጥብኛል፤ ሐረጉ ቢያንስ ስም አለው፣ ክርክር አለው፣ «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ» የሚል ሐቀኝነት አለው። ክቡ ግን በእርግጠኝነት ነው የሚናገረው።

የሳይንቲስቶቹ ጽሑፍ ከክቡ በጣም ይሻላል፤ ግን እሱም አነባበብ ይፈልጋል። በ2012 እ.አ.አ. የወጣው የፓጋኒና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ በሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ዲኤንኤ ውስጥ ካለው ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ድርሻ ጋር መደባለቁ የተፈጸመው ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ገመተ። ከዐረብ ልሳነ ምድር ሕዝቦች ይልቅም ወደ ሌቫንት፣ ማለትም ወደ ሶርያና ፍልስጥኤም አካባቢ ሕዝቦች ያቀርበዋል አለ። ወዲያው ጋዜጦቹ የንግሥተ ሳባ ዲኤንኤ ተገኘ አሉ። እዚህ ላይ ሳልስቅ አላልፍም። ከአንድ ሺህ ዓመት የሚበልጥ መደባለቅ፣ ስንት ሺህ ወንድና ሴት፣ ስንት ጋብቻና ስንት ግፍ፣ ሁሉም ባንዲት ንግሥትና ባንድ ንጉሥ ተጠቀለለ። ሳይንሱ የተናገረውን እኛ የምናውቀው ተረት አነበበው።

በ2015 ደግሞ ጋሞ ደጋ ላይ ሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4500 ዓመቱ ሰው ዲኤንኤ ታተመ። ከእሱ ተነሥተው ደራሲዎቹ ከዩራሲያ የተመለሰው ደም መላ አፍሪካን አዳርሷል አሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን የኮምፒዩተር አሠራር ስሕተት አግኝተን ያንን ክፍል አርመናል ብለው አሳወቁ። እኔ ይህን ለማሽሟጠጥ አላነሣሁትም። እንዲያውም አደንቃለሁ፤ «ተሳስተናል» ብሎ እርማት ያተመ የዘር ሐረግ እስቲ አንድ ጥቀሱልኝ።

ከሁሉም ለይፋት ቀረብ ያለብኝ የ2021 እ.አ.አ. ጥናት ነው። ሎፔዝና ባልደረቦቿ ከ68 ብሔረሰቦች የተውጣጡ 1214 ኢትዮጵያውያንን ዲኤንኤ ከትውልድ ቦታቸው፣ ከቋንቋቸው፣ ከሃይማኖታቸውና ከ31 ባህላዊ ልማዶች ጋር አስተያዩ። ርቀትን ብቻ ሳይሆን የቦታውን ከፍታም ለኩ፤ ደጋና ቆላ ማለት ነው! ያገኙት ነገር ሁለት ፊት አለው። ባንድ በኩል፣ ባጠቃላይ ሲታይ ቋንቋቸው የሚቀራረብ ሰዎች ዲኤንኤያቸውም ይቀራረባል። በሌላ በኩል ግን ቋንቋቸው የተራራቀ ሆኖ ዲኤንኤያቸው በግልጽ የሚቀራረብ ቡድኖች አሉ፤ የቅርብ ጊዜ መደባለቅ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። አንድ ዓይነት ልማድ ያላቸው ሰዎችም በአማካይ ይበልጥ ይቀራረባሉ። ጥናቱን በብሔር ስም ዝርዝር ብቻ የሚያነበው ሰው የመጀመሪያውን ፊት ይዞ ይሮጣል። ሰንበቴ ገበያን የሚያውቅ ሰው ግን ሁለተኛው ላይ ቆም ይላል።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ስኮትላንድና አየርላንድን ውሰዱ። በመሐላቸው ጠባብ ባሕር አለ፣ በሁለቱም በኩል ለዘመናት ሰው ሲሻገር ኖሯል፤ ከ1609 ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ ዘውድ ስኮትላንዳውያንን አልስተር ላይ አሰፈረ። ፕሮቴስታንት ሰፋሪና ካቶሊክ ነባር፣ ደምም የፈሰሰበት ጎረቤትነት። ዛሬ አሜሪካና አውስትራሊያ ያሉ ልጆቻቸው የጋራ አያት ሲፈልጉ ዲኤንኤው ወዲያው ያገናኛቸዋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ይቸገራሉ። በ1922 የደብሊን መዝገብ ቤት ሲቃጠል የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ የሕዝብ ቆጠራዎችና ብዙ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ አብሮ ነደደ። ዲኤንኤው «ዘመድ ናችሁ» ይላል፣ «በማን በኩል?» ሲባል ዝም ነው።

እነሱም ወላስማ አላቸው። ኒያል የሚባል የጥንት የአየርላንድ ንጉሥ። በ2006 የደብሊን ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ በብዛት የሚታይ፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ የዋይ ክሮሞዞም ምልክት አግኝተው ከኒያል ዘር ጋር አያያዙት። ምልክቱ ስኮትላንድም ውስጥ አለ። ስንቱ «የንጉሥ ልጅ ነኝ» አለ መሰላችሁ! በኋላ የመጡት ስሌቶች ግን ምልክቱ ከንጉሡ ዘመን ሳይቀድም እንደማይቀር ያሳያሉ። ንጉሡ ቢኖርም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነው እንጂ ምንጩ አይደለም። የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ «አረብ ገባ»ን በቤተ ሙከራ ቋንቋ መድገም ነው፤ ከ128ቱ አንዱን ብቻ ይከተላል፣ እናትን አያውቅም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ጋ የተቃጠለ መዝገብ ቤት የለም፤ የሚቃጠል መዝገብም ብዙ አልነበረንም። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ተደንግጎ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም በአያት ላይ ወድቆ በሁለት ትውልድ ይጠፋል። ከድሮው የተጻፈ ነገር ቢፈለግ፣ በወንጌል ኅዳግ ላይ የሰፈረ የመሬት ስጦታና የርስት ክርክር ነው።

ርስት ስል ግን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ደጋው አማራ ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር። አለን ሆበን ጎጃም ላይ አጥንቶ በ1973 እ.አ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ይህንን ነው በዝርዝር የሚያሳየው፤ አንድ ገበሬ አቅኚው አባት ጋ ለመድረስ አንዴ በወንድ፣ አንዴ በሴት እየዘለለ ይወጣል፣ የሚያዋጣውን መንገድ ይመርጣል። ሙግት ላይ የእናትን የእናት አባት ስም ያልያዘ ሰው መሬት ይሸነፋል። ጋብቻም እንደዚያው፤ ሰባት ቤት ሲቆጠር በሁለቱም ወገን ነው። ከአያትና ከቅድመ አያት አልፈው ቅማያት፣ ምንዥላት እያሉ የሚወጡት (ቅደም ተከተሉ ላይ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይጨቃጨቃሉ) ለጌጥ አልነበረም። ሁለት ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው «የት ላይ ነው የምንገናኘው?» የሚሉበት ዘዴ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ርስት ቀረ። ለገባሩና ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፣ አልከራከርም። አብሮት ግን እናትን የማስታወስ ትልቁ ምክንያት ቀረ። ከዚያ በኋላ የተወለድነው ሰባት የምንቆጥረው፣ ከቆጠርንም፣ በአባት ብቻ ነው፤ ያውም ለፉከራ ያህል። በዚሁ ዘመን «ዘር ቆጠራ» የሚለው ሐረግ ስድብ ሆነ። እኔ ስድቡ የተሳሳተ ሰው ላይ ያረፈ ይመስለኛል። ዘር በደንብ ብንቆጥር ኖሮ፣ 128ቱንም ማለቴ ነው፣ አንድ ቀለም ይዞ የሚወጣ ሰው ይፋት ላይ ስንት ይገኝ ነበር?

ከምርመራው የምወደው ክፍል ታዲያ ማንም የማይለጥፈው ነው። ከክቡ በታች ዝርዝር አለ፤ ከእናንተ ጋር የዲኤንኤ ቁራጭ የሚጋሩ የተመረመሩ ሰዎች ስም። ይህ በትክክል የአያቶቻችን ጥያቄ ነው። በአባትም በእናትም፣ ሳያበላልጥ። እርግጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደጋው ሰባት ቤት ሲርቅ አፋሩ አብሱማ አለው፤ የአክስትን ልጅ ማግባት የተመረጠ ነው። በእስልምና ሕግም የአጎት ልጅ ጋብቻ ይፈቀዳል። ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ በኖረበት ቤት ሁለት ሰዎች ከብዙ አያት በኩል ትንሽ ትንሽ ይጋሩና ድምሩ ያብጣል፤ ድርጅቱ «ሦስተኛ ደረጃ የአጎት ልጅ» ያለው በእውነቱ ስድስተኛ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒውም ከአሥር ትውልድ ወዲያ ያሉ ብዙ አያቶች ዲኤንኤያችን ውስጥ ምንም አልተዉም፤ አያትነታቸው ግን አልቀረም። ሌላም ስጋት አለ። በ2023 ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በተባለው ድርጅት የደረሰው ስርቆት ወደ 6.9 ሚሊዮን ደንበኞችን ነክቷል፤ ሌቦቹም መረጃውን በዘር ከፋፍለው ነበር ለሽያጭ ያወጡት። «ብሔር» የሚል መስመር መታወቂያ ላይ ስንት ነገር እንዳመጣ ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የአክስቴ ልጅ ዝርዝሩን የከፈተችው ንዴቷ ከበረደ በኋላ ነው። አብዛኛው ስም የሚጠበቅ ነበር። አንዱ ግን የሙስሊም ስም ነው፤ ካናዳ የሚኖር፣ አባቱ ከራሳ በኩል የሆነ ልጅ። ጻፈችለት። ደወለላት። «እህቴ፣ በእናትሽ ወገን ይሆን በአባትሽ?» አላት መጀመሪያ፤ ድርጅቱ ያላለውን ጥያቄ። እሷ በአባቷ ሰባት ቆጠረች፣ እሱ ከእሷ በላይ ቆጠረ፣ ምንም አልተገናኘም። በእናት ሲመጡ እሷ ሦስተኛው ላይ ቆመች፣ እሱ ሁለተኛው ላይ። የአባቱን አያት ስም አያውቅም፤ ቤት ውስጥ «ደገኛዋ» ነበር የምትባለው አላት።

እሷም ለእናቷ፣ ለእኔ አክስት፣ ደወለች። አክስቴ ብዙ አሰበች። የቅድመ አያቷ እህት አንዲት ነበረች፤ ገበያ ሄዳ የቀረች፣ ከቆላ ሰው ጋር ሆነች የተባለች፣ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ስሟ የማይነሣ። ስሟን ጠየቅናት።

«እንጃ» አለች። «እኛ ልጆች ሆነን ‹ቆላ የወረደችው› ነበር የሚሏት።»